የወረራ ጦርነት ሒሳብ፤ ማን ያዝዛል? ማን ይከፍላል?

በመሥሪያ ቤት መዝገብ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ደንብ ያውቃል። ገንዘብ ወጪ ሲሆን ያዘዘው ሹም ይፈርማል፤ የተቀበለው ሰው ደረሰኝ ይሰጣል፤ ገቢውና ወጪው በአንድ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ይጻፋል። ሒሳቡ ያልገጠመ እንደ ሆነ ተቈጣጣሪ ይመጣና «ማን አዘዘ? ማንስ ተቀበለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ደንብ ለአንድ ደስጣ ወረቀትና ለአንድ ጠርሙስ ቀለም እንኳ ይሠራል። አንድ መንግሥት የሌላውን አገር ለመያዝ የሚያደርገው ጦርነት ግን፣ ከወጪ ሁሉ የሚበልጥ ወጪ ሆኖ ሳለ፣ ለብዙ ዘመን ከዚህ ደንብ ውጭ ሆኖ ኖሯል።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ ስለ ጦርነት ስንጫወት አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የጀግናውን ጀግንነትና የግፈኛውን ግፍ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ለጥቂት ጊዜ እንደ ሒሳብ ሹም ሆነን ነገሩን በገቢና በወጪ እንመርምረው። ለምርመራችንም ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ፋሽስት ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ የጀመረችው ወረራ ከበቂ በላይ ትምህርት ይሰጠናል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ነው።)

ለሕዝቡ የተነገረው ትርፍ

ከወረራው በፊት በነበሩት ዓመታት ዓለም ሁሉ በንግድ መውደቅ ተጨንቆ ነበር። በኢጣልያም ፋብሪካዎች ሥራ አጡ፤ ሥራ ፈቱ በዛ። ቀድሞ ድኻው የኢጣልያ ገበሬ መርከብ ተሳፍሮ ወደ አሜሪካ ይሰደድ ነበር፤ አሜሪካ ግን በ1916 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ በሯን አጠበበች። በዚህ ጊዜ ከጥቅምት 1915 ዓ.ም. ጀምሮ ሥልጣኑን የያዘው ቤኒቶ ሙሶሊኒ ለሕዝቡ ሌላ በር አሳየው። በኢትዮጵያ ለሰፋሪ የሚሆን ሰፊ መሬት አለ፤ ቡናና ጥጥ፣ ማዕድንም አለ፤ ከዚህም ሁሉ በላይ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የወደቀው የኢጣልያ ክብር ይነሣል ተባለ።

ይህ ለሕዝቡ የተነገረው ትርፍ ነው። ለአለቃው የሚተርፈው ግን ሌላ ነበር። ሥራ ፈቱ ወታደር ወይም የጦር ሠራተኛ ሆኖ ከመንገድ ላይ ይነሣል፤ ፋብሪካው የጥይትና የመኪና ትእዛዝ ያገኛል፤ ጋዜጣውም ስለ ዳቦ ዋጋ መጻፉን ትቶ ስለ ድል ይጽፋል። የሚያጕረመርም ቢኖር በጦርነት ጊዜ ማጕረምረም ክህደት ይባልበታል።

አሳቡ በድንገት የመጣ አይደለም። ወረራውን በመጀመሪያ የመራው ጄኔራል ኤሚልዮ ዴ ቦኖ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፣ እሱና ሙሶሊኒ የወልወል ግጭት ከመድረሱ አስቀድሞ ስለዚህ ጦርነት ይመክሩ እንደ ነበረ ራሱ ገልጧል። የወልወል ግጭት የሆነው ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ሙሶሊኒም ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን፣ ኢትዮጵያን ፈጽሞ ለመያዝ እንዲዘጋጁ ለሹማምንቱ በጽሑፍ አዘዘ። እንግዲህ ውሳኔው ከምክንያቱ ቀድሞ ነበር ማለት ነው። በጠብ አጫሪ ዘንድ ምክንያት እንደ ማኅተም ነው፤ ደብዳቤው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ይመታበታል።

በሮም የተጻፈው ወጪ

አሁን ወደ ወጪው እንለፍ። ኢጣልያ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደርና ሠራተኛ ባሕር አሻግራ አመጣች። ይህን ሰው የጫነው መርከብ ሁሉ በስዊዝ ቦይ ሲያልፍ ለቦዩ ኩባንያ ቀረጥ ይከፍል ነበር። መኪናው ቤንዚን፣ በቅሎው ገፈራ፣ ሰውየው ምግብና መድኃኒት ይፈልጋል። የመንግሥቱ ግምጃ ቤትም ይህን ሊችለው አልቻለም።

ስለዚህ ሕዝቡ ጌጡን እንዲሰጥ ተጠየቀ። ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ንግሥት ኤሌና በሮም ባልታወቀው ወታደር መቃብር ፊት የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ሰጠች። በየከተማው ያለች የኢጣልያ ሴት እሷን ተከትላ የወርቅ ቀለበቷን ሰጥታ የብረት ቀለበት ተቀበለች። ስመ ጥሩ ደራሲ ሉዊጂ ፒራንዴሎ እንኳ በኖቤል ሽልማት ያገኘውን ሜዳሊያ አስረከበ። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። የሰው አገር ወርቅ ታገኛላችሁ የተባሉት ሴቶች በጣታቸው ላይ የነበረውን ወርቅ ሰጥተው ብረት ይዘው ቀሩ።

ድሉ ከተነገረ በኋላም ወጪው አልቆመም። ሙሶሊኒ የድል አዋጅ ካሰማ ገና አምስት ወር ሳይሆነው፣ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ የኢጣልያ ሊሬ ዋጋው 40 በመቶ ያህል እንዲቀነስ ተደረገ። በዚያው ሰሞን ቤትና መሬት ያለው ኢጣልያዊ ሁሉ ከንብረቱ ግምት 5 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ለመንግሥት እንዲያበድር በሕግ ተገደደ። ድል አድራጊው ሕዝብ የድሉን ዋጋ መክፈል የጀመረው ሰንደቅ ዓላማው ከግድግዳ ሳይወርድ ነበር።

በኢትዮጵያስ ምን ገቢ ተገኘ? ለሰፋሪዎች ሆለታና ቢሾፍቱ፣ ጨርጨርና ወገራ ላይ የእርሻ ሰፈር ተጀመረ። ነገር ግን ሚሊዮን ሰፋሪ ቀርቶ መቶ ሺህም ገበሬ አልሰፈረም። ጎተራ ትሆናለች የተባለችው አገር ለሰፈረባት ጦር ስንዴ ከውጭ ይመጣላት ጀመር። የገጠሩ ሰው የሊሬ ወረቀት አልቀበልም ብሎ በማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ስለ ጸና፣ ኢጣልያ ይህንኑ ብር ሮም ላይ አትማ ማምጣት ግድ ሆነባት። አርበኞች በሸዋ፣ በጎጃም፣ በበጌምድርና በሌላውም አገር ጫካ ገብተው ስለ ነበረ፣ በየኮረብታው ምሽግ መሥራት፣ በየመንገዱም ዘብ ማቆም አስፈለገ። የተገዛው መሬት ዋጋው ተከፍሎ የሚያልቅ ሳይሆን በየቀኑ የሚከፈልበት ሆነ።

«መንገድስ ሠርተውልን የለም ወይ?» የሚል ሰው ምናልባት ከመካከላችሁ ይኖራል። ይህ ጥያቄ በሻይ ቤት ብዙ ጊዜ ይሰማልና መልስ ይገባዋል። መንገዱ መሠራቱ እውነት ነው። የተሠራው ግን የጦር መኪና ከምፅዋ ወደብ እስከ አዲስ አበባ እንዲያደርስ፣ ታንክም አርበኛው ወዳለበት በፍጥነት እንዲደርስ ነበር። ቤት የሰበረ ሌባ ዕቃውን ለማውጣት በሩን ቢያሰፋ፣ ባለቤቱ ስለ ሰፊው በር የምስጋና ደብዳቤ አይጽፍለትም። ዋጋውም በምን እንደ ተከፈለ ከዚህ ቀጥሎ እናያለን።

በሮም ያልተጻፈው ወጪ

በሮም መዝገብ ላይ ፈጽሞ ያልተጻፈ ሌላ ወጪ አለ። እሱም የተወረረው ሕዝብ የከፈለው ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ለሰላም ጉባኤ ባቀረበው ሰነድ መሠረት፣ በወረራውና በአምስቱ ዓመት ውስጥ 760,300 ሰው ሞቷል፤ 2,000 ቤተ ክርስቲያንና 525,000 ቤት ጠፍቷል፤ 5 ሚሊዮን የቀንድ ከብት አልቋል። በአውሮፕላን የተረጨው የመርዝ ጋዝ፣ ኢጣልያ ራሷ ፈርማ በከለከለችው የ1917 ዓ.ም. የጄኔቭ ውል የተወገዘ መሣሪያ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው ጭፍጨፋ ሦስት ቀን ፈጀ። ከዚያም በኋላ ትምህርት የቀመሱትን ወጣቶች እየለዩ ገደሏቸው። ይህን የምታነቡት ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች፣ በዚያ ዘመን ብትኖሩ ኖሮ ስማችሁ በየትኛው ዝርዝር ይገኝ እንደ ነበረ አስቡ። መምህር፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ ሊሆን የተማረ አንድ ትውልድ መታጣቱ በምን ያህል ብር ይገመታል? ይህ ወጪ በማንም መዝገብ ላይ ተጽፎ አያልቅም።

ታዲያ ኪሳራ ከሆነ ለምን ይደረጋል?

የነገሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። ኖርማን ኤንጅል የሚባል እንግሊዛዊ ጸሓፊ በ1902 ዓ.ም. ገደማ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዛሬው ዘመን አንድ ሕዝብ ሌላውን ድል በመንሣት ሊበለጽግ አይችልም ብሎ ተከራከረ። ጥንት ድል ያደረገ ሠራዊት ከብቱን ይነዳል፤ እህሉን ይጭናል። በዛሬ ዘመን ግን የሀብት ምንጭ የሰው ዕውቀት፣ ንግድና እርስ በርስ መታመን ነው፤ እነዚህም በጭነት መኪና ተጭነው አይሄዱም። ጸሓፊው በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጕሞ በሚነበብበት ጊዜ፣ በ1906 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ጦርነቱ ያልቀረው ለምንድር ነው? አገር ይከስራል ማለትና አዛዡ ይከስራል ማለት አንድ ስላልሆነ ነው። «በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት ለወራሪው አለቃ ልክ አይሆንም። በሬው ሣሩን የሚበላውም፣ ገደል የሚገባውም ራሱ ነው። በወረራ ግን ሣሩን የሚበላው አንዱ፣ ገደል የሚገባው ሌላው ነው።

እስቲ ሣሩን ማን እንደ በላ እንይ። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ስትያዝ፣ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ በአራተኛው ቀን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተባለ። ማርሻል ባዶልዮ የአዲስ አበባ መስፍን የሚል ማዕርግ ተሸለመ። ግራዚያኒም የነገሌ ማርኪዝ ተባለ። ሙሶሊኒ በሰገነት ቆሞ የሕዝቡን ጩኸት ተቀበለ። ቀለበቷን የሰጠችው ሴትና በተምቤን ተራራ ላይ የወደቀው ገበሬ ግን መስፍን አልተባሉም።

ሣሩን በዳር ቆመው የነጩም ነበሩ። የመንግሥታት ማኅበር ከኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በኢጣልያ ላይ የንግድ ማዕቀብ አደረገ። በተከለከለው ዕቃ ዝርዝር ውስጥ ግን የነዳጅ ዘይት አልገባም። የስዊዝም ቦይ አልተዘጋም። ሙሶሊኒ ራሱ፣ ዘይት ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ እንደ ነበረ ለሒትለር መናገሩን የሒትለር አስተርጓሚ ጽፏል። ከዚህም አልፎ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ከኢትዮጵያ መሬት ሰፊውን ክፍል ለወራሪው ለመስጠት በምስጢር መከሩ። ምክሩ ወጥቶ ሕዝብ ስለ ተቈጣ ቀረ። የማዕቀቡም ነገር ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በሐምሌ 1928 ዓ.ም.፣ ተሠረዘ። እንግዲህ ለወረራ ዋጋ የሚተምነው ወራሪው ብቻ አይደለም። ዋጋውን የሚያረክሱለት ሌሎች አሉ።

ሒሳቡ ሲዘጋ

ርካሽ መስሎ የተጀመረው ነገር በኋላ ውድ ሆነ። ኢጣልያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ተቃቅራ ወደ ሒትለር ተጠጋች። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ፣ በኢትዮጵያና በስፓኝ ያወጣችው መሣሪያና ገንዘብ ገና አልተተካላትም ነበር። በዓመቱ ከኢትዮጵያ ተባረረች። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ሊቢያን፣ ኤርትራንና ሶማሊያን አጣች፤ ለኢትዮጵያም 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ።

እዚህ ላይ እርሳሳችሁን አንሡና አንድ ማካፈል ሥሩ። 25 ሚሊዮን ዶላር በሰነዱ ላይ ለተጻፉት ሙታን ብቻ ቢከፋፈል ለአንድ ሰው 33 ዶላር አይሞላም። ቤቱ፣ ከብቱና ቤተ ክርስቲያኑ ገና አልተነካም። ይህም ቢሆን በጊዜው አልተከፈለም፤ ሁለቱ መንግሥታት የተስማሙት በ1948 ዓ.ም. ነው። ከካሳውም ገንዘብ በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠራ። በ18 ወር ውስጥ ይመለሳል የተባለው የተዘረፈ ቅርስ ነገርማ ከዚህ የባሰ ነው፤ በ1929 ዓ.ም. የተወሰደው የአክሱም ሐውልት አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነበር።

ይህን ካሳ የከፈለው ማን ነው? ከጦርነቱ በኋላ የኖረው የኢጣልያ ግብር ከፋይ ነው። ሙሶሊኒ በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ ሰዎች እጅ ተገደለ። ባዶልዮ ግን ሙሶሊኒ ሲሻር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ፤ በ1949 ዓ.ም. በአልጋው ላይ ሞተ። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. የ19 ዓመት እስራት ቢፈረድበትም፣ ፍርዱ ከጀርመኖች ጋር ስለ ማበሩ እንጂ በኢትዮጵያ ስላፈሰሰው ደም አልነበረም፤ እሱንም ቢሆን የታሰረው ጥቂት ወር ብቻ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን፤ ስለ የካቲት 12 ግን ከፍርድ ቤት የቀረበ አንድም የወጋ ሰው የለም።

ይህ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ ከኋለኛው ዘመን አንድ ምሳሌ ልጨምር። ኢራቅ ከኢራን ጋር ስምንት ዓመት ተዋግታ ስትወጣ ዕዳ ተጭኗት ነበር፤ ካበደሯትም አንዷ ጎረቤቷ ኩዌት ናት። ሳዳም ሑሴን ባለዕዳነቱን አበዳሪውን በመዋጥ ሊፈታው ፈለገና ሐምሌ 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ኩዌትን ወረረ። በሰባት ወር ውስጥ ተሸንፎ ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያቋቋመው የካሳ ኮሚሲዮንም ከኢራቅ ነዳጅ ዘይት ገቢ እየተቀነሰ 52.4 ቢሊዮን ዶላር ለተጐዱት እንዲከፈል አደረገ። የመጨረሻው ክፍያ የተፈጸመው በ2014 ዓ.ም. ነው። በወረራው ቀን የተወለደ ኢራቃዊ ሕፃን በዚያን ጊዜ የ31 ዓመት ሰው ሆኗል። ያዘዘው ሳዳም ግን ከሽንፈቱ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በቤተ መንግሥቱ ተቀምጦ ነበር።

ደረሰኙ ለአዛዡ እንዲደርስ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ጠብ አጫሪን የሚያቆመው ጦርነት ኪሳራ መሆኑን መስበክ ብቻ አይደለም፤ እሱ ይህን ያውቃል፤ ኪሳራው ግን የሱ አይደለም። የሚያቆመው ዋጋው በጊዜና በስሙ ሲጠየቅ ነው።

በጊዜ ማለት፣ መርከቡ ቦዩን ከማለፉ፣ ዘይቱም በርሜል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማለት ነው። በ1928 ዓ.ም. አንድ የዘይት ክልከላ ሊያደርገው ይችል የነበረውን ሥራ፣ ከ1932 ዓ.ም. በኋላ ለማድረግ ስንት ሠራዊት እንዳስፈለገ አይታችኋል።

በስሙ ማለት ደግሞ ያዘዘው ሰው ራሱ ሲጠየቅ ነው። በመስከረም 1939 ዓ.ም. የኑረምበርግ ፍርድ ቤት፣ የወረራ ጦርነት ወንጀል ነው፤ ወንጀለኛውም አገር የሚባል ረቂቅ ነገር ሳይሆን ያዘዘው ሰው ነው ብሎ ፈረደ። በሐምሌ 1990 ዓ.ም. ያቺው የጋብቻ ቀለበት የተሰበሰበባት ሮም ጉባኤ ተደርጎባት የዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ደንብ ወጣ። ፍርድ ቤቱም ከሐምሌ 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የወረራን ወንጀል እንዲያይ ሥልጣን ተሰጠው። እውነት ነው፤ ሥልጣኑ በብዙ ነገር የታጠረ ነው፤ ከታላላቆቹ መንግሥታትም ደንቡን ያልተቀበሉ አሉ። ነገር ግን «ማን አዘዘ?» የሚለው የተቈጣጣሪ ጥያቄ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል።

የቀረው ደግሞ በእኛ በተራ ዜጎች እጅ ነው። ማንም መሪ፣ የማንም አገር መሪ ይሁን፣ የጎረቤትን መሬት በጦር መያዝ ያበለጽጋል ብሎ ሲነግራችሁ፣ ሬዲዮኑም ጋዜጣውም ከበሮውን ሲመታ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። ምክንያቱ የተገኘው ከውሳኔው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ትርፉ የሚገባው በማን ስም ነው? ልጁን የሚልከውና ቀለበቱን የሚያወልቀውስ ማን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጥ መልስ የማይሰጥ ሰው ያቀረበላችሁ የወጪ ማዘዣ፣ ፊርማ የሌለበት ማዘዣ ነው። እንዲህ ያለውን ማዘዣ ደግሞ የታችኛው ጸሓፊ እንኳ ቢሆን መልሶ መስጠት እንደሚገባው በመሥሪያ ቤት ተምራችኋል።